ወደ ውጭ አገር የሚላከው እህል ፈቃዱ ከጭነቱ ቀድሞ ሊደርስ ስለ ማስፈለጉ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ አትላባራ በሚባለው ሰፈርም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮች፣ ለገንፎ የሚሆነው የበቆሎ ዱቄት አብዛኛው ከዩጋንዳ በካሚዮን ተጭኖ የሚመጣ ነው። እህሉ በሰሜን ዩጋንዳ በኩል አልፎ በድንበሩ ላይ ከዩጋንዳ ወገን ኤሌጉ፣ ከደቡብ ሱዳን ወገን ኒሙሌ ወደ ተባሉት ኬላዎች ይደርሳል። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው መንገድ 192 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በአስፋልት ተሠርቶ ተመርቋል። ስለዚህ እህሉን የሚያዘገየው የመንገዱ ርቀት አይደለም። የሚያዘገየው በኬላው ላይ የሚጠየቀው የፈቃድ ወረቀት፣ ወረቀቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት የታመነ መሆን አለመሆኑ፣ እንዲሁም ወረቀቱ የሚናገረውና በጆንያው ውስጥ ያለው አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ይህ ጉዳይ የጁባን ነጋዴ ብቻ የሚመለከት አይደለም። ቡና፣ ሰሊጥ፣ ጥራጥሬ ወይም የቁም ከብት ወደ ውጭ አገር የሚልክ ማንኛውም አገር የሚያገኘው ነው። በእነዚህ ዓመታት ብዙ መንግሥታት የውጭ ንግድ ፈቃድን በወረቀት መስጠትን ትተው በኮምፒውተር ወደ መስጠት ስለ ዞሩ፣ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን፣ ምን እንደሚጠቅምና ወሰኑም እስከ የት እንደ ሆነ ገበሬውም ሹሙም ሊያውቀው ይገባል።

የቁጥጥሩ ምክንያት

መንግሥት ወደ ውጭ የሚወጣውን እህል የሚቆጣጠረው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የአገሩ ሕዝብ የሚበላው እንዳይጎድል ነው፤ ለምሳሌ የኢትዮጵያ መንግሥት የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ1998 ዓ.ም. የከለከለው በዚህ አሳብ ነበር። ሁለተኛው፣ ከእህሉ ጋር ተባይና የተክል በሽታ ከአገር ወደ አገር እንዳይተላለፍ ነው። ሦስተኛው፣ እህሉን የሚበላው ሰው እንዳይታመም ነው። በኒሙሌ ኬላ ላይ ክርክር ያስነሣው ይህ ሦስተኛው ሲሆን፣ የክርክሩም ርእስ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ነው።

አፍላቶክሲን አስፐርጊለስ ከሚባል የሻጋታ ወገን የሚወጣ መርዝ ነው። በሳይንስ ዘንድ የታወቀው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቱርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከ100,000 በላይ የሻገተ የለውዝ መኖ በልተው ባለቁ ጊዜ ነው። በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳትም ቀላል አይደለም። በኬንያ በ1996 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳውያን በ2004) ከመኸር በኋላ በርጥበት የተቀመጠ በቆሎ 317 ሰዎችን አሳምሞ 125ቱን ገድሏል። በትንሽ በትንሹ ለብዙ ዓመታት ሲበላ ደግሞ የጉበት ነቀርሳ ያመጣል። መርዙ በዓይን አይታይም፤ ገንፎውን ማፍላትም ሆነ ቂጣውን መጋገር አያጠፋውም። በኢትዮጵያም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ በተመረመረው የላም ወተት ውስጥ የዚሁ መርዝ ዘር መገኘቱን ሲገልጽ፣ ዋናው መነሻ ለላሞቹ የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አመልክቷል።

የምሥራቅ አፍሪቃ ማኅበረሰብ አገሮች በተስማሙበት ደንብ፣ በበቆሎ ውስጥ የሚገኘው ጠቅላላ የአፍላቶክሲን መጠን ከአንድ ቢሊዮን እጅ 10 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህን ገበሬ በሚያውቀው ሚዛን ለመግለጽ፣ በአንድ ኩንታል በቆሎ ውስጥ አንድ ሚሊግራም ማለት ነው። የእህሉም ርጥበት ከመቶ 13.5 እጅ ማለፍ የለበትም። ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በ2008 ዓ.ም. ወደዚሁ ማኅበረሰብ ለመግባት ውሉን ስለ ፈረመች፣ ደንቡ ሻጩንም ገዢውንም በአንድነት የሚመለከት ሆኗል።

መዘግየት ራሱ ስለሚያመጣው ጉዳት

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ትልቁ ነገር የሚከተለው ነው። ሻጋታ የሚያድገው በሙቀትና በርጥበት ነው። በሸራ ተሸፍኖ በካሚዮን ላይ የተከመረ በቆሎ፣ በተለይም በደንብ ያልደረቀ ከሆነ፣ በቆላው ፀሐይ ሲቆም ከውስጡ ይሞቃል፤ ከታችኛው ጆንያ የሚወጣው ላብ ከሸራው በታች ተመልሶ በላይኛው ጆንያ ላይ ይወርዳል። ከጎተራ ሲወጣ ከደንቡ በታች የነበረ እህል በኬላ ላይ ብዙ ቀን ቢቆም ከደንቡ በላይ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ መርዝን ለመከላከል የቆመው ቁጥጥር ራሱ ከዘገየ መርዝን አሳዳጊ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ፈቃድን ማፋጠን የነጋዴውን ኪሳራ መቀነስ ብቻ ሳይሆን የበላተኛውንም ጤና መጠበቅ ነው። ማፋጠን ሲባል ግን ምርመራውን መተው ማለት አይደለም። ምርመራው እህሉ ገና በጎተራ ሳለ ተፈጽሞ፣ ውጤቱ ካሚዮኑ ሳይነሣ በኬላው ሹም እጅ እንዲገባ ማድረግ ማለት ነው። አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ለእንዲህ ያለው ሥራ ይስማማል።

በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. የሆነው

በየካቲት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. የኬንያ መንግሥት የእርሻ መሥሪያ ቤት ከዩጋንዳና ከታንዛኒያ የሚመጣው በቆሎ የአፍላቶክሲን መጠኑ ከፍ ያለ ነው ሲል እንዳይገባ ከለከለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ክልከላው በሁኔታ ተነሣ፤ ይኸውም አስመጪዎች ሁሉ እንዲመዘገቡ፣ እያንዳንዱ ጭነት የተመረተበትን ቦታ የሚገልጽ ወረቀትና የአፍላቶክሲኑን መጠን የሚያሳይ የምርመራ ማስረጃ እንዲይዝ ነው። በ2015 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳውያን በ2023) ደግሞ የደቡብ ሱዳን የደረጃ መሥሪያ ቤት ከዩጋንዳ የመጡ የበቆሎና የዱቄት ካሚዮኖችን በዚሁ ምክንያት በድንበሩ ላይ አቆመ። ነጋዴዎችና የካሚዮን ነጂዎች ብዙ ቀን በመቆማቸው አቤት አሉ፤ የሁለቱ አገሮች ሹማምንትም ለመነጋገር ተገናኙ።

የሁለቱን ወገን አቤቱታ ለየብቻው የሚመለከት ሰው ለሁለቱም እውነት ሊሰጥ ይችላል። የገዢው አገር ሹም ሕዝቡ መርዝ እንዳይበላ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የማያምነውን ወረቀት አይቶ ቢያሳልፍ በኋላ ተጠያቂው እርሱ ነው። የሻጩ ነጋዴ ደግሞ በአገሩ መሥሪያ ቤት ያስመረመረውን እህል በድንበር ላይ እንደ ገና ሲያስመረምር፣ ለካሚዮኑ የቀን ኪራይ እየከፈለ እህሉ ይበላሽበታል። ጉድለቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ አንዱ ያወቀውን ሌላው በጊዜው አላወቀም፤ ቢነገረውም ለማመን የሚያበቃ ማረጋገጫ አልነበረውም።

ስለ አንድ መስኮት አሠራር

በቀድሞው ልማድ እህል ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ለተክል ጤና ወደ እርሻ ሚኒስቴር፣ ለጥራት ወደ ደረጃ መሥሪያ ቤት፣ ለቀረጥ ወደ ጉምሩክ፣ ለውጭ ምንዛሪ ወደ ባንክ እየተመላለሰ፣ አንዱን ስምና አንዱን ክብደት በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ ደጋግሞ ይጽፋል። ከመዝገብ ቤት ወደ ጸሐፊ፣ ከጸሐፊ ወደ ሹም ሲዞር ቀኑ ያልፋል። በአንዱ ወረቀት 300 ኩንታል፣ በሌላው 310 ኩንታል ተጽፎ ቢገኝ ደግሞ ሁሉም እንደ ገና ይጀመራል።

ይህን ለማቅለል የታሰበው ዘዴ አንድ መስኮት ይባላል። ነጋዴው ማመልከቻውን በኮምፒውተር አንድ ጊዜ ብቻ ያቀርባል፤ ማመልከቻው ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ይደርሳል፤ እያንዳንዱም በየበኩሉ መርምሮ ውሳኔውን በዚያው ላይ ያሳርፋል። በዚህ ሥራ ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ ሲንጋፖር ስትሆን፣ ትሬድኔት የተባለውን አሠራር የጀመረችው እንደ አውሮጳውያን በ1989 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያም በጥር ወር 2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት አስመርቃ፣ የውጭ ንግድን የሚቆጣጠሩትን በርካታ መሥሪያ ቤቶች ከጉምሩክ ኮሚሽን ጋር እንዲገናኙ አድርጋለች።

በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚደረገው ሥራ ምስጢር አይደለም። ልምድ ያለው የኬላ ሹም በልቡ የሚያውቀውን ሕግ ቀድሞ መጻፍ ነው። ላኪው የተመዘገበ ነው? የተመረመረው ጭነት ቁጥር ከሚላከው ጭነት ቁጥር ጋር አንድ ነው? ርጥበቱ ከ13.5 በታች ነው? ምርመራው ከተደረገ ስንት ቀን ሆነው? ከዚህ ቀደም የዚህ ላኪ ጭነት ጉድለት ተገኝቶበታል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ መልሱ መልካም ሆኖ ሲገኝ ጭነቱ በአረንጓዴ መስመር ያልፋል። አጠራጣሪ ሲሆን በቢጫ መስመር ሰነዱ በሰው ዓይን ይታያል። ጉድለት ያለበት ወይም በዕጣ የወጣ እንደ ሆነ በቀይ መስመር ጆንያው ተከፍቶ ይፈተሻል። የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች በዚህ በሦስት ቀለም መክፈልን በብዙ አገር ለምደውታል። ጥቅሙም ሹሙ ጊዜውን በሁሉም ካሚዮን ላይ ሳይበትን በሚያጠራጥረው ላይ እንዲያውለው ማስቻሉ ነው።

የመስኮቱ ወሰን

ሆኖም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በላይ የተነገሩት ክልከላዎች በተደረጉ ጊዜ ኬንያም ዩጋንዳም የየራሳቸው የአንድ መስኮት አሠራር ነበራቸው። ኮምፒውተር ስለ ጠፋ አይደለም እህሉ የቆመው። የአንዱ አገር መስኮት በአገሩ ድንበር ላይ የሚዘጋ በመሆኑና የአንዱን ምርመራ ሌላው ባለማመኑ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ፣ ማለትም ከአገር ወደ አገር እውቀትን በታመነ መንገድ ማስተላለፍ፣ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ነው።

ለተክል ጤና ማስረጃ ይህ መንገድ ተጀምሯል። እንደ አውሮጳውያን በ1951 ዓ.ም. የጸደቀው የዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት፣ ጽሕፈት ቤቱ በሮማ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ውስጥ የሚገኘው፣ ኢፋይቶ የተባለ አሠራር አቋቁሟል። በዚህ አሠራር የላኪው አገር መሥሪያ ቤት ማስረጃውን በቀጥታ ለተቀባዩ አገር መሥሪያ ቤት ይልካል። በመካከል ያለው ማዕከል እንደ ታመነ ፖስተኛ መልእክቱን ያደርሳል እንጂ ከፍቶ አያነብም፣ ቅጂውንም አያስቀምጥም። ነጋዴው ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ስለማይሄድ በመንገድ ላይ ሊለውጠው፣ ሊፍቀው፣ ወይም የሐሰት ማኅተም ሊያሳርፍበት አይችልም። የእህል ምርመራ ውጤትም በዚሁ ዓይነት መንገድ ቢተላለፍ የኒሙሌው ሹም ካሚዮኑ ከጎተራ ሳይነሣ መጠኑን ያውቃል፤ ጉድለት ቢኖር ጭነቱ በመነሻው ይቀራል እንጂ በድንበር ላይ አይበሰብስም።

ስለ ምስጢር አጠባበቅ

እውቀትን መካፈል ማለት ሁሉን ለሁሉ መግለጥ ማለት አይደለም። የገዢው ስምና የተስማሙበት ዋጋ ለተወዳዳሪ ነጋዴ ቢታወቅ ላኪው ይጎዳል፤ የእህል ካሚዮን የሚነሣበት ቀንና ሰዓት ለማንም ቢታወቅ በመንገድ ላይ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ እንዲያይ ማድረግ ይገባል። የጤና ተቆጣጣሪው የምርመራውን ውጤትና የጭነቱን ቁጥር ይይ፤ ዋጋውን ማየት አያስፈልገውም። ባንኩ ዋጋውን ይይ፤ የላቦራቶሩን መዝገብ ማየት የእርሱ ሥራ አይደለም። ደግሞም ማን መቼ ምን እንዳየ፣ ማን እንደ ፈቀደና ማን እንደ ከለከለ በማይፋቅ መዝገብ ሊቀመጥ ይገባል። ይህ መዝገብ ቅን ሠራተኛን ከሐሜት ያድናል፤ ጉቦ ፈላጊውን ደግሞ ይገልጣል። አንድ ማመልከቻ በማን ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንደ ተኛ የሚያሳይ መዝገብ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሁሉ ይልቅ ሥራን ያፋጥናል።

ክልከላም ያለ ምክንያት መሰጠት የለበትም። ኮምፒውተሩ ቀይ ቀለም ባሳየ ጊዜ ምክንያቱ በግልጽ ቋንቋ ለላኪው ሊነገረው፣ አቤት የሚልበትም ሰው የሆነ ሹም ሊኖር ይገባል። አጠራጣሪውን ጉዳይ መወሰን የሰው ሥራ ነውና።

ኮምፒውተር ስለማይሠራው ሥራ

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ናሙናው እውነተኛ እንዲሆን ነው። አፍላቶክሲን በእህሉ ውስጥ እኩል ተበትኖ አይገኝም፤ በአንድ ጆንያ ጥግ ብዙ ሆኖ በሌላው ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ከላይ ካሉት ከሁለት ወይም ከሦስት ጆንያ እፍኝ ዘግኖ መመርመር አያስተማምንም። ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከመካከልም ከታችም ተወስዶ፣ ተደባልቆና ተፈጭቶ ነው መመርመር ያለበት። ሁለት አገሮች አንዱን ጭነት መርምረው ሁለት የተለያየ ውጤት የሚያገኙት ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ሳይሆን ከናሙናው አወሳሰድ የተነሣ ነው። የናሙናው አወሳሰድ አንድ ሳይሆን መሥሪያ ቤቶችን በኮምፒውተር ማገናኘት ስሕተትን በፍጥነት ማስተላለፍ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ አገሮች አስቀድመው በአወሳሰዱ መስማማትና አንዳቸው የሌላቸውን ላቦራቶር እየጎበኙ መመዘን ይኖርባቸዋል።

እንዲሁም በድንበር ኬላ መብራት ሊጠፋ፣ መሥመር ሊቋረጥ ይችላል። የወረቀት መጠባበቂያ የሌለው አሠራር መብራት በጠፋ ቀን ካሚዮኑን ሁሉ ያቆማል። ኬላው የማለዳውን ዝርዝር አስቀድሞ አውርዶ የሚይዝበት ዘዴ ካለው ግን መሥመሩ ቢቋረጥም ሥራው አይቋረጥም።

ለገበሬው የሚሆን ምክር

ፈቃዱ የሚጀምረው ከማሳው ነው። በዩጋንዳ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚዘንብ የመጀመሪያው መኸር ርጥበት ሳይለቅቅ ሊደርስ ይችላል፤ በኢትዮጵያም በቆሎ በሚመረትባቸው ርጥብ አካባቢዎች ተመሳሳይ ችግር አለ። ስለዚህ ገበሬው በቆሎውን በመሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በቆጥ ላይ ያድርቅ፤ የተሰበረውን፣ የነቀዘውንና የሻገተውን ከደኅናው ይለይ፤ ጆንያውን በእርጥብ ወለል ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርድር።

የርጥበት መለኪያ የሌለው ሰው በጨው ሊፈትን ይችላል። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ወስዶ ሲሶውን ያህል በቆሎ ይጨምርበት፤ ከደረቀ ጨው ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ያክልበት፤ ከድኖ አንድ ደቂቃ ያህል ይነቅንቀውና ሩብ ሰዓት ያህል ያሳርፈው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ ርጥበት ከመቶ 15 እጅ በላይ ነውና ተመልሶ ወደ ፀሐይ ይውጣ። ጨው ካልተጣበቀ ርጥበቱ ከ15 በታች መሆኑን ያሳያል፤ ለውጭ ንግድ ግን 13.5 ስለሚያስፈልግ በማኅበሩ ወይም በነጋዴው መለኪያ ደግሞ ይመዘን።

በየማኅበሩ የየጎተራው እህል መቼ እንደ ገባ፣ ከማን እንደ ገባና በገባ ጊዜ ርጥበቱ ስንት እንደ ነበረ በአንድ ደብተር ቢጻፍ፣ ኋላ በኮምፒውተር የሚገባው ቃል ሁሉ መሠረቱ ይህ ደብተር ይሆናል።

ለሹማምንት የሚሆን ማሳሰቢያ

አዲስ አሠራር የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን ከመግዛቱ በፊት በእጁ ያሉትን ፎርሞች አንድ በአንድ ዘርግቶ ይመልከት። ከእነርሱ ውስጥ ማንም የማያነበው፣ ሁለት ጊዜ የሚጠየቀው፣ ሕግ ሳያዝዘው በልማድ ብቻ የቆየው ካለ ይሰረዝ። የማያስፈልግ ፎርም በኮምፒውተር ሲጻፍም የማያስፈልግ ፎርም ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ስንት ሰዓት እንደሚበቃው ተቆርጦ ይታወቅ። የምርመራው ውጤትም ከጭነቱ አስቀድሞ ወደ ኬላው እንዲደርስ ከጎረቤት አገር መሥሪያ ቤት ጋር በጽሑፍ ስምምነት ይደረግ።

ይህ ሁሉ ሲሟላ በጁባ ገበያ ዱቄት የምትገዛ እናት የማታየው ሥራ ይሆናል። ወረቀቱንም ኮምፒውተሩንም አታውቅም። የምታውቀው ዱቄቱ ሳይሻግት መምጣቱን፣ ዋጋውም በኬላ ላይ በባከነው የካሚዮን ኪራይ ምክንያት አለመጨመሩን ነው። የቁጥጥሩም ዋጋ የሚመዘነው በዚህ ነው።